ለአገልግሎት የመጣ ወጣት ሒሳቡን ለማን ያቀርባል?

በዳባትና በደባርቅ ሱቅ ከፍቶ ለሚኖር ነጋዴ፥ ከሌላ ስፍራ ለማገልገል የተላከ ወጣት ሲመጣና ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ቤት ያከራየዋል፤ ሳሙናና ስኳር በዱቤ ይሰጠዋል፤ ስለ ገበያው ሲጠይቀውም ይመልስለታል። ይሁን እንጂ ወጣቱ ጊዜውን ሲፈጽም ያየውንና የተማረውን ጽፎ ለላከው መሥሪያ ቤት ያስረክባል እንጂ፥ ላስተማረው ሕዝብ ተመልሶ ሲናገር እምብዛም አይታይም።

አገልግሎቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጣኞቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያለማምድ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ተደንግጎ፥ አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማሩ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የማንዴላ ዋሽንግተን መርሐ ግብር ግን መንገዱን ገለበጠው፤ የአፍሪካን ወጣቶች፥ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፥ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወስዶ ለ6 ሳምንት ያህል መሪነትን አስተማራቸው። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በአዳራሽ ውስጥ የተገኘ ዕውቀት የሚፈተነው ወጣቱ እንደ ደባርቅ ባለ ስፍራ ሲቆም ነው።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ናት። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም. አልወጣም። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ገብስ ዘርቶ ከብት አርብቶ ያደረ ገበሬ፥ የካሳ ገንዘብ ይዞ ከተማ ሲገባ ምን ይነግድ? ለማን ይሽጥ? አንድ ወጣት ዋልያን ስለ መጠበቅ ብቻ አጥንቶ ቢመጣ፥ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ምዕራፍ በመጽሐፉ አያገኝም። ወደ ባለሱቁ ሄዶ፦ «ጋሼ፥ እርስዎ ሲጀምሩ በምን ጀመሩ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። መሪነት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሠልጣኞች በየጊዜው ስለ ራሳቸው እንዲያስቡና እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። ትእዛዙ ተገቢ ነው፤ ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። ነጋዴ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ገቢውን ብቻ አይመዘግብም፤ ይሸጣል ብሎ ያስመጣው ዕቃ ተቀምጦ ቢቀር ያንኑ ይጽፋል። «ዐደግሁ፥ ተለወጥሁ» ብቻ የሚል ማስታወሻ ወጪ የሌለበት መዝገብ ነው። ምን አስቦ መጣ? ምኑ ሐሰት ሆኖ ተገኘ? ማን አረመው? እነዚህ ካልተጻፉበት ለሚተካው ወጣት አይጠቅምም።

ስለዚህ በየከተማው ያሉ የነጋዴ ማኅበራት ለላኪዎቹ መሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ሊጠይቁ ይገባል፤ ይኸውም ማንኛውም ተላኪ ከመሄዱ በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነጋዴው፥ የእድር ዳኛው፥ በቅሎ አከራዩና ገበሬው በተሰበሰቡበት ሒሳቡን በቃሉ እንዲያቀርብ ነው። ወጣቱ አስተናጋጆቹን ለማስደሰት ብሎ ያሞካሻል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም የገብስና የባቄላ ዋጋ ጠንቅቆ በሚያውቅ ሸንጎ ፊት ባዶ ምስጋና ብዙ አይራመድም።

ነጋዴውም ጉዳዩን የወጣቶች ብቻ አድርጎ ማለፍ አይበጀውም። ዛሬ ስኳር በዱቤ የሚወስደው ወጣት ከ10 ዓመት በኋላ የግብር ተመን የሚያጠና፥ የንግድ ፈቃድ የሚሰጥ፥ የመንገድ ዕቅድ የሚፈርም ሹም ሊሆን ይችላል። የደባርቅን ገበያ ከወረቀት ያወቀ ሹምና በሸንጎ ቆሞ ታርሞ ያወቀ ሹም አንድ ዓይነት ውሳኔ አይሰጡም።

ወጪው አንድ አዳራሽና የቡና ዋጋ ነው። ያልተዘጋ ዱቤ ያለበትም ቢኖር በዚያው ቀን ከፍሎ ይሰናበታል።