ነዳጅ ፈላጊውና የእኛ ጥቁር ሰሌዳ



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት በመርሐ ቤቴ ከገደል አፋፍ ላይ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ወረኢሉ ከድንጋይ ዘይት ይወጣል ይላሉ፤ እኛ ጋ ለምን አይወጣም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «ይኼ የዛሬው ትምህርት አይደለም» አልኩና ገጽ አስገለጥኩ። ልጁም ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ልምምዱ ፍጻሜ ድረስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ነገሩን ከሌላው ይልቅ በእኔ ላይ ያከበደው፣ እኔ ራሴ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ጂኦሎጂ ለማጥናት እመኝ የነበርኩ መሆኔ ነው። ውጤቴ ወደዚህ አመጣኝ። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም፤ ከመካከላችን በምኞቱ የመጣና በውጤቱ የመጣ ማን እንደሆነ እርስ በርስ እንተዋወቃለን። ሆኖም ልመኘው የቻልኩትን ሙያ ለአንድ ሕፃን በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አቃተኝ። እንግዲህ ከተመለስኩ ወዲህ ያነበብኩትንና ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ልጁ የጠየቀው ወሬ አይደለም። ከጊሼ በላይ፣ በወረኢሉ አካባቢ ዘይት ከድንጋይ ሲያዥ መገኘቱን የሥነ ምድር ባለሙያዎች በጽሑፍ አስፍረውታል። ብዙዎቻችን ግን ነዳጅ ማለት ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚገኝ ይመስለናል። አይደለም። በጥንት ዘመን በባሕር ወለል ላይ ከጭቃ ጋር የተቀበሩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ በላያቸው ሌላ ንብብር እየተከመረ ሲሄድ በሙቀትና በጫና ወደ ዘይት ይለወጣሉ፤ ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ ወደ ጋዝ። ዘይቱ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሾልካል። በመንገዱ ላይ ቀዳዳ የበዛበት የአሸዋ ወይም የኖራ ድንጋይ ካገኘ፣ ውሃ ሸክላ ውስጥ እንደሚሰርግ ሁሉ በዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ከላዩ ግን የማያሳልፍ ድንጋይ ሊከድነው ይገባል። እናቶቻችን የጠላውን ጋን አፍ ለምን እንደሚመርጉ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ ዘይቱ ወደ ገጸ ምድር ያዣል። የወረኢሉም ምልክት ከሥር ዘይት ተፈጥሮ እንደነበር ይመሰክራል፤ በብዛት ተጠራቅሟል ለማለት ግን ብቻውን አይበቃም። ለልጁ ይህንኑ ብነግረው ምን ነበረበት?

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በመኪና የወረደ ሁሉ የጀማን ገደል አይቶታል። እኔም ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ግን ሳላይ ነበር የማልፈው። ከላይ የምንኖርበት ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ ይከተላል። ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ይኸውም ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ ባሕር እንደነበረ የሚያስረዳ ነው። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በመንዝ ጎረቤት ባሕር! ይህ የኖራ ድንጋይ ዛሬ እንጀራም ሆኗል፤ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያለ ኖራ ድንጋይ አንድ ቀን አይሠራም።

አሁን ወደ ኦጋዴን እንሂድ፤ ምክንያቱም በሀገራችን የነዳጅ ፈላጊ ሙያ በተግባር የታየው በዋናነት እዚያ ነው። በዚያም ከዚሁ ዘመን የሆነ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ከእርሱም በታች የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ የሚባለው፣ በዓባይ ሸለቆ ግርጌም የሚገኘው፣ አለ። ልዩነቱ እዚያ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ወርዶ የተቀበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ የኦጋዴኑ ባለሙያ እኛ ከመኪና መስኮት በነፃ የምናየውን ለማወቅ ምድሪቱን በከባድ መኪና እያንቀጠቀጠ ከጥልቁ የሚመለሰውን ሞገድ ማንበብ አለበት። ከዚያ «እዚህ ቆፍሩ» ይላል። ይህች ቃል ብዙ ሚሊዮን ታስወጣለች፤ ብዙ ጊዜም ጉድጓዱ ባዶ ይሆናል። ቁፋሮው ሲጀመር ሥራው ቀንና ሌሊት በፈረቃ ነው። መሰርሰሪያው የፈጨውን ድንጋይ ጭቃው ይዞት ሲወጣ፣ ባለሙያው በየጥቂት ሜትሩ አጥቦ በማጉያ መነጽር ያያል፤ አሲድ ጠብ አድርጎ ይፈላ እንደሆነ ይመለከታል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ዘይት የነካው ድንጋይ ሲያበራ ይፈልጋል።

በመኝታ ክፍላችን አንዱ ጓደኛዬ ይህንን ሙያ በአንድ ቃል «ዶላር ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እስቲ እንየው። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፍለጋ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው ግን ቴኔኮ በተባለው ሌላ ኩባንያ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፤ ከዚያም ቻይናውያን። እ.ኤ.አ. በ2022 የጋዙ ክምችት 7 ትሪሊዮን ኩቢክ ጫማ እንደሆነ ተረጋገጠ ተባለ፤ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍም መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተመረቀ። በ25 ዓመቱ የመጀመሪያውን ጋዝ ካሉብ ላይ ያየ ጂኦሎጂስት ቢኖር፣ ለዚህ ምረቃ የደረሰው 75 ዓመት አልፎት ነው። በመካከሉ ደግሞ ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ በተፈጸመው ጥቃት 9 ቻይናውያንና ከ60 በላይ ኢትዮጵያውያን ተገድለዋል። ዶላሩን ብቻ ለሚቆጥር ይህም ይቆጠርለት።

ሌላዋ ጓደኛችን ያቀረበችው ተቃውሞ ግን ከበድ ይላል። «በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው 5.4 ከመቶ ብቻ ነው፤ ለገበሬ ልጅ ስለ ነዳጅ ፍለጋ መንገር የማይደርስበትን ማስጎምጀት ነው» አለችኝ። ግማሹ እውነት ነው፤ እኔም ምስክር ነኝ። ዳሩ ግን እኔ ለልጁ ሥራ ቃል ልግባለት አላልኩም። ከእግሩ በታች ያለውን ይወቅ ነው የምለው። በ1998 ዓ.ም. በጣርማ በር መሬቱ ተንሸራቶ ቤትና ማሳ ሲወስድ፣ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ደረቅ ሲሆን፣ ያው ድንጋይ የማንበብ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለአላፊዎቹ 5.4 ከመቶ ብቻ የምናስቀምጠው ከሆነ የቀሩትን ለምን እናስተምራቸዋለን? እርሷ አልተስማማችም፤ አሁንም እንከራከራለን።

ወደራሳችን ስመለስ፣ ስለ ድንጋይ ዓይነቶች የተማርነው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ በተሣሉ ሦስት ክቦች ነው። ጠመኔው ራሱ ብዙ ጊዜ ከጀሶ፣ ማለትም ከድንጋይ፣ እንደሚሠራ እንኳ የነገረን የለም። የሳይንስ ክፍሉ ካርቶን ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ወረቀታቸው ወድቆ የትኛው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ለኳስ ግጥሚያ የሚወጣው አውቶቡስ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን ወደ ጀማ ይውረድ፤ እያንዳንዱ እጩ መምህርም ከየንብብሩ አንዳንድ ድንጋይ ስሙን ጽፎ ይዞ ይመለስ፤ ወደሚመደብበት ትምህርት ቤትም ይዞት ይሂድ። ወጪው የነዳጅ ብቻ ነው (ይቺም ነዳጅ ከውጭ የምትመጣ መሆኗን አልረሳሁም)።

እስከዚያው አሲድ ባይኖረንም ሎሚ አለ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት በመጠኑ ይፈላል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ግን ምንም የለም። በሣህን ላይ ሞክሬዋለሁ። አውቶቡሱ ተፈቀደም አልተፈቀደ በመጪው ቅዳሜ በሕዝብ መኪና እወርዳለሁ፤ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ የመሳፈሪያውንና የምሳውን ይያዝና ጠዋት 12 ሰዓት በር ላይ እንገናኝ። በሚቀጥለው ልምምድ ወደዚያው ትምህርት ቤት ከተመደብኩ ያ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ አገኘዋለሁ፤ የአንድ ዓመት ዕዳ አለብኝ።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት እጩ መምህር