ሟርት የተባለ ምክር

በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ወደ ላይ በሚተላለፈው ሪፖርት መጨረሻ «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚል ርእስ አለ፤ በሥሩም የበጀት ማነስና የተሽከርካሪ እጥረት ከዓመት ዓመት ቃላቸው ሳይለወጥ ይደገማሉ። ገና ያልደረሰውን፣ ነገር ግን የሚያሰጋውን አደጋ የሚያሰፍሩበት ቦታ በዚያ ወረቀት ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም ደፍሮ የሚሞላው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ ክፉውን አስቀድሞ የሚናገር ባለሙያ፣ ነቢዩ ኤርምያስ የሕዝቡን እጅ ያደክማል ተብሎ ወደ ጉድጓድ እንደ ተጣለ፣ ሟርተኛ ተብሎ ከምክር ይገለላልና።

በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ድኻውም በዳርቻው ቤት ቀልሶ ይኖራል። ይሁን እንጂ በከተማይቱ ላይ ጠብ ሳይል በሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናም ሁሉ ተሰብስቦ በዚያው አሸዋ ላይ እንደሚወርድ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሆኖ ሳለ፣ በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት የመጣው ደራሽ ውኃ ከ250 የሚበልጡ ነፍሳትን ይዞ ሄደ። በአዲስ አበባም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የፈጀው የቆሼ የቆሻሻ ክምር 50 ዓመት ያህል በሁሉ ፊት ሲቆለል የኖረ ነው። በሁለቱም ስፍራ የጎደለው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ዕውቀት አይደለም፤ ያንን ዕውቀት ተቀብሎ «ይህ ስጋት በእኔ ስም ይመዝገብ» የሚል ሹም ነው።

የስጋት ሥራ አመራር የሚባለውን ትምህርት በአዳማ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ፣ ከነአበሉ፣ መማር ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ብቻውን አይበቃም፤ የበጀት ዓመታችን የሚብተው ሐምሌ 1 ቀን፣ በክረምቱ መግቢያ ስለ ሆነ፣ በግንቦት ሊጠረግ የሚገባው የጎርፍ መውረጃ ካዝናው በተራቆተበት ወር ላይ ይውላል፤ አዲሱ ገንዘብ ሲለቀቅም ጎርፉ ቀድሞ ይደርሳል።

ስለዚህ የከተማ ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ የመጪውን ዓመት በጀት ከማጽደቃችሁ በፊት እያንዳንዱን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚፈራውን እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ መልሱንና ተጠሪውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ የፈራው ሳይደርስ ቢቀርም ያስጠነቀቀውን አመስግኑት እንጂ አትሣቁበት።