«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» አትበሉኝ



ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ጉንፋንም አልጽፍም። ከአንድ አባባል ጋር ጠብ አለኝ፤ እሱን ልጻፍ። ትንሽ ቆጣ ካልኩ ይቅር በሉኝ።

አባባሉ ይህ ነው፦ «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል።»

እዚህ ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ፣ ከስናን እስከ ደጀን፣ ከአማኑኤል እስከ ቢቸና፣ ይህ ነገር ከጠመንጃ ጋር ተያይዞ ሁለት ጊዜ ይባላል። አንዴ ጠመንጃው ከመባረቁ በፊት፣ አባት ልጁ እያየው መሣሪያውን ከትራስ ሥር ሲሸጉጥ። አንዴ ደግሞ ከባረቀ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት፣ ዘመድ የተረፈውን ልጅ እያየ። ሁለቱም ጊዜ ስህተት ነው።

ታሪኩ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። አባት ከጥበቃ አድሮ ይገባል። ክላሹን ግድግዳ ላይ ያስደግፋል። ደክሞታል፣ ጋደም ይላል። እናት ማድ ቤት ናት፤ ምጣዱ ተጥዷል። የስድስት ዓመቱ ልጅ አባቱ ሲያደርግ ያየውን ያደርጋል። የሦስት ዓመቷ እህቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ «ጠመንጃ ባረቀ» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉት፤ መሣሪያው ራሱ ተነስቶ ያደረገው ይመስላል። ጥይት ያጎረሰው ግን ትልቅ ሰው ነው። ሳይቆልፍ ያስቀመጠውም ትልቅ ሰው ነው። ልጅ በሚደርስበት ቦታ የተወውም ትልቅ ሰው ነው። ልጁ የጨመረው አንድ ጣት ብቻ ነው። ዕዳው ሲከፋፈል ግን ትልልቆቹ በሽማግሌ ይታረቃሉ፣ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይባባላሉ፤ ያ አንዲት ጣት ያዋጣው ልጅ ደግሞ «ይረሳዋል» ተብሎ ይታለፋል።

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘውልኝ መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ።)

«ዶክተር፣ ሽንቱን አልጋ ላይ መልቀቅ ጀመረ። ብርድ መትቶት ይሆን?»

«እማማ፣ በቅርቡ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ?»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «አለ። ግን እሱ ሕፃን ነው፣ ረስቶታል። ይኸው ይጫወት የለ?» አሉኝ።

ወለሉን አየሁ። ልጁ የእስክሪብቶ ክዳን አጋድሞ በወረቀት ይሸፍናል። ይገልጠዋል። መልሶ ይሸፍናል። አሥር ጊዜ ያህል ሲያደርገው ቆጠርኩ። ፊቱ ላይ የጨዋታ ደስታ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ሳይንሱን በቀላሉ ላስረዳ። «እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነውን አላስታውስም፤ እሱስ እንዴት ያስታውሳል?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ትዝታችን ከሦስት ወይም ከሦስት ዓመት ተኩል ግድም ይጀምራል። ከዚያ በፊት ያለው በቃል አይተረክም። ታሪክን አያይዞ የሚያኖረው የአንጎል ክፍል በዚያ ዕድሜ ገና በመገንባት ላይ ነው፤ ቋንቋውም ገና ነው።

ነገር ግን መተረክ አለመቻል ሌላ፣ አለማወቅ ሌላ ነው። እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጡት ለማስጣል እሬት ስትቀቡ ልጁ አንዴ ወይም ሁለቴ ቀምሶ ይሸሻል። ትልቅ ሆኖ የእሬቱን ቀን ይነግራችኋል? አይነግራችሁም። ግን ያኔ ተምሯል። በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት የተወጋ ልጅ በአሥራ አምስት ወሩ ለሁለተኛው ሲመጣ፣ ነጭ ጋወን ገና ከበር ሲያይ የሚጮኸው ለምንድን ነው? የመጀመሪያውን ቀን አይተርክም፤ ሰውነቱ ግን ይዞታል። አማርኛችንንስ ቢሆን የትኛው ቀን እንደተማርነው ማን ያስታውሳል? ማንስ ረሳው?

ሌኖር ቴር የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን 20 ልጆች ተከታተለች፤ አደጋው በማስረጃ የተረጋገጠ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ያልደረሱት በቃል ሙሉውን መናገር አልቻሉም። በጨዋታቸው፣ በፍርሃታቸውና በሁኔታቸው ግን አብዛኞቹ የደረሰባቸውን ያሳዩ ነበር። የእስክሪብቶ ክዳኑ ትዝ አላችሁ?

ሌላም አለ። ፓትሪሻ ባወር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ልጆች በሦስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር ያወሯቸውን ክስተቶች በኋላ ተጠየቁ። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት ከ60 በመቶ በላዩን አስታወሱ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ግን ከ40 በመቶ በታች። ስለዚህ በአምስት ዓመቱ ሊያወራችሁ የሚችለውን ልጅ «ዝም በል፣ እንዳታነሳው» ካላችሁት፣ ዘጠኝ ሲሞላው ታሪኩ ሊጠፋበት ይችላል። ፍርሃቱ ግን አብሮ ላይጠፋ ይችላል። ለምን እንደሚበረግግ የማያውቅ ልጅ ታሳድጋላችሁ። እኔ ዝምታውን የምቃወመው ለዚህ ነው።

ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነው፣ ቃታውን የሳበው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይረሳም። ለቅሶ ላይ ሰው ሲያየው ያያል። አንዳንዱ ቤተሰብ ወዲያው ወደ ሩቅ ዘመድ ይልከዋል፤ ለእሱ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ የሚገባው ግን «አባረሩኝ» ነው።

ምን ልበለው ለምትሉ፦ አጭርና እውነተኛ ቃል። «እህትህ ሞታለች። ሰውነቷ ሥራ አቁሟል። አትመለስም። ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ጠመንጃውን ማራቅ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነበር።» ይህን የመጨረሻውን አባት ራሱ ቢለው ይመረጣል፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነፍሷ እግዚአብሔር ዘንድ ናት ማለት ትችላላችሁ። «ተኝታለች» ግን አትበሉ። ትንሽ ልጅ ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው፤ ማታ ለመተኛት የሚፈራ ልጅ ታተርፋላችሁ። «ሩቅ አገር ሄደች» ካላችሁትም በር በሩን እያየ ይጠብቃታል። ደጋግሞ ከጠየቀ ደጋግማችሁ መልሱ። ሊያወራ ካልፈለገ አታስገድዱት።

ሽንት እንደገና ማምለጥ፣ ሌሊት እየጮኸ መንቃት፣ በሩ ድው ሲል መበርገግ፣ ከእናት ቀሚስ አለመላቀቅ፣ መናገር ማቆም፣ አደጋውን በጨዋታ መደጋገም፤ እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ወደ ሆስፒታል አምጡት። የአእምሮ ሕክምና ክፍል «የእብድ» ክፍል አይደለም። ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ወደ መጀመሪያው «ይረሳዋል» ልመለስ፤ ጠመንጃው ገና ሳይባርቅ ወደሚባለው።

አባት ሆይ፣ መሣሪያህን ስትሸጉጥ ልጅህ እያየህ ነው። አንድሩ ሜልትዞፍ የተባለ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ፣ የ14 ወር ሕፃናት ፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በግንባሩ ሳጥን ሲነካ ሳጥኑ ይበራል። ሕፃናቱ አዩ እንጂ አልነኩም። ከሳምንት በኋላ ሳጥኑ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ጎንበስ ብለው በግንባራቸው ነኩት። አንዴ ያዩትን፣ ከሳምንት በኋላ፣ ገና በቅጡ ሳይናገሩ! የአንተ ልጅ ስታቀባብል ያየህ ስንት ጊዜ ነው?

በአሜሪካ አላባማ ገጠር ውስጥ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ጠመንጃ ያላቸው ወላጆችና ልጆቻቸው ለየብቻ ተጠየቁ። «ልጄ የት እንዳለ አያውቅም» ካሉት ወላጆች 39 በመቶ የሚሆኑት በገዛ ልጆቻቸው ተቀደሙ፤ ልጆቹ ያውቁ ነበር። አላባማ ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል። ባለ ብዙ ክፍል ቤት ያላቸው እዚያ ያልደበቁትን፣ እኛ በአንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደብቀነዋል ማለት ነው?

«እኔ ልጄን አስተምሬዋለሁ፣ አይነካም» የሚለው መልስ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ጥሩ አባቶች ናቸው። በአትላንታ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 64 ወንድ ልጆች በቡድን በቡድን እየሆኑ እውነተኛ ግን ባዶ ሽጉጥ በመሳቢያ ውስጥ በተደበቀበት ክፍል እንዲቆዩ ተደረገ። 48ቱ አገኙት። 30ዎቹ አነሱት። 16ቱ ቃታውን ሳቡት። ከነኩት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቀደም ሲል ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ተነግሯቸው ነበር። ምክር ጥሩ ነው፣ ምከሩ። ቁልፍ ግን አይሆንም። «ጣቱ አይችልም» የምትሉም ካላችሁ፣ በሌላ ጥናት ከሦስትና አራት ዓመት ልጆች ከአራት አንዱ፣ ከአምስትና ስድስት ዓመቶቹ ደግሞ 70 በመቶው የብዙ ሽጉጦችን ቃታ ለመሳብ የሚበቃ ጉልበት ነበራቸው።

ኮሜንት ላይ የሚመጣውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «ዶክተር፣ ጎጃም ነው ያለኸው፤ ጠመንጃ ክብር ነው፤ አያቶቻችን ጣሊያንን ያባረሩት በእሱ ነው።» እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ የበላይ ዘለቀን ስም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጠመንጃችሁን ጣሉ አላልኩም። ግን ውጅግራና ምንሽር በየጥይቱ መቀርቀሪያው በጉልበት እየተሳበ የሚተኮስ ነበር። ዛሬ ግድግዳችን ላይ ያለው ክላሽ በአንድ ካርታ 30 ጥይት ይይዛል፤ አንዴ ከተቀባበለ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ሕጋዊ ፈቃድ አለኝ የምትሉም፣ እሰየው፤ አዋጅ 1177/2012 የሚለውን አሟልታችኋል። ወረቀቱ ግን ቃታ አይቆልፍም።

«ሌባ ቢመጣስ? ዘንድሮ እንዴት እንደምናድር ታውቃለህ» የሚለው ግን የምር ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነው የማድረው። መልሴ ይህ ነው፦ መሣሪያው ወይ ንቁ በሆነ ትልቅ ሰው እጅ ይሁን፣ ወይ ይቆለፍ። ደክሞህ ጋደም ስትል ግድግዳ ላይ የተደገፈ የጎረሰ ጠመንጃ ከሌባ አያድንህም፤ አንተ ተኝተህ ልጅህ ነቅቷል።

አቆላለፉ ውድ ካዝና አይጠይቅም። ካርታውን ንቀሉ፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረች ጥይት አለመኖሯን አፈሙዙን ከሰው አዙራችሁ አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚረሳት ያቺን አንዷን ነው። ባዶውን መሣሪያ በሣጥን ቆልፉ፤ ካልገባ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ቁልፍ ከምሰሶው ጋር እሰሩት። ጥይቱን ሌላ ሣጥን ውስጥ፣ በሌላ ቁልፍ። ቁልፎቹ ከአንገታችሁ ወይም ከኪሳችሁ አይለዩ፤ ሞሰብ ላይ አይቀመጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት እነዚህን አራቱን ለየብቻ መዝኗቸዋል። መሣሪያውን መቆለፍ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ የጥይት ጉዳት በ73 በመቶ ካነሰ ዕድል ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ ባዶውን ማስቀመጥ በ70፣ ጥይቱን መቆለፍ በ61፣ ጥይቱን ለይቶ ማኖር በ55። እንግዳ መሣሪያ ይዞ ሲመጣም፣ በተለይ በሠርግና በጥምቀት ሰሞን፣ «ጋሼ፣ መሣሪያዎን ልቆልፍልዎት» ማለት ነውር አይደለም። ዳስ ውስጥ ጠላ እየተቀዳ ጥግ ላይ የተደረደረ ጠመንጃ ነው ነውሩ።

አሁን አንድ ነገር እንሞክር። ዛሬ ማታ እራት ላይ፣ ሳትቆጡ፣ አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነውን ልጃችሁን «የአባባ ጠመንጃ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁት። ያወቀውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቦታውን አይደለም፣ እሱን ለማንም አትንገሩ፤ «አወቀ» ወይም «አላወቀም» ብቻ በሉኝ።