ለሰሰ የተባለው አልበም

«የባንድ የመጀመሪያ አልበም የዓመታት ድካም ነው፤ ሁለተኛው በጥድፊያ የተለቃቀመ ትርፍራፊ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ለማስረጃ የተጠራው የሄቪ ሜታሉ ባንድ የሜታሊካ ሁለተኛ አልበም «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» መሆኑ አንገበገበኝ። ባንዱ «ለሰሰ» ተብሏልና።

ጥድፊያው እውነት ነው። «ኪል ኤም ኦል» በ1983 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ሁለተኛው በዓመቱ ተከተለ። ግን ኮፐንሃገን ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ፍሌሚንግ ራስሙሰን ጋር የተቀዳውን ሥራ ከልብ ያዳመጠ ሰው ትርፍራፊ አይለውም። «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» መግቢያ ላይ ብዙዎች ጊታር ነው የሚሉት ያ የሚያጓራ ድምፅ የክሊፍ በርተን ቤዝ ነው! ቤዝ ከኋላ ተደብቆ ምት መጠበቁን ትቶ ዜማውን ፊት ለፊት ይመራል። በመጀመሪያው አልበም በርተን ለብቻው የሚጫወትበት ክፍል ነበረው፤ እዚህ ግን ችሎታው ዘፈኑን ራሱን ተሸክሟል።

ለሰሰ የሚለው ክስ የመጣው «ፌድ ቱ ብላክ» በአኩስቲክ ጊታር ስለሚጀምር ብቻ ነው። ከሳሹ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተውታል? ሕይወት ያስጠላውን ሰው ስሜት የያዘ ዘፈን ቀስ ብሎ መጀመሩ ተገቢ ነው፤ ደግሞም እየከበደ ሄዶ በረጅም የጊታር ሶሎ ይዘጋል። የአልበሙ መክፈቻ «ፋይት ፋየር ዊዝ ፋየር»ም በለስላሳ ጊታር ይጀምራል፤ ወዲያው የሚከተለው ግን ሜታሊካ እስከዚያ ከተጫወተው ሁሉ በፍጥነት የሚያንስ አይደለም።