በላክነው ገንዘብ ላይ የማን ስም አለ?



ደመወዝ በተቀበልንበት ሳምንት ከአገር ቤት ስልክ መደወሉ አይቀርም። እናት ታማለች፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፣ ጣራው ያፈሳል፣ የአጎት ልጅ ሠርግ አለ። እኛም ዓርብ ፈቃድ ስናገኝ ባትሃ ወዳሉት የገንዘብ መላኪያዎች እንሄዳለን፤ ለስልክ ካርድ የምትበቃ አስቀርተን ሌላውን በሙሉ እንልካለን። በዚህ አናፍርም፤ ከአገራችን የወጣነውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። እስከ ዛሬ ከላክነው ገንዘብ ውስጥ በእኛ ስም የተቀመጠው ስንት ነው?

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ በሪያድ፣ በተለይም በመንፉሃ ሰፈር የሆነውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ ልብሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ነበር የተነሡት። በሻንጣ የተቀመጠው ሪያል እዚሁ ቀረ፤ አገር ቤት የተላከው ደግሞ አልቆ ነበር። አብዛኛውን ሌባ አልወሰደውም፤ ቤተሰብ በልቶበት፣ ታክሞበትና ለብሶበት ነው። ዓመታት የለፋችው ልጅ ግን በእናቷ ቤት እንደ እንግዳ ሆነች።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ለቤተሰብ የሚላከውና ለራስ የሚቀመጠው ገንዘብ መንገዱ ሁለት ይሁን። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የተወሰነች ገንዘብ በራሳችን ስም ወደ ተከፈተ የባንክ ሂሳብ ትግባ፤ የቀረው ለቤተሰብ ይላክ። ከአገር ስንወጣ የከፈትነው የባንክ ደብተር ካለ ማንም ሰው ገንዘብ ሊያስገባልን ይችላል፤ ማውጣት የምትችለው ግን ባለቤቷ ብቻ ናት። በተለይ ኢቃማ የሌለን እኅቶች ከማንም በላይ ይህ ያስፈልገናል። የሪያድ ባንክ ለእኛ ዝግ ነው፤ ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይቀራል።

ኢቃማ ያለን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በደብተር የተቀመጠ 100 ሺህ ብር ከ6,500 ሪያል በላይ የነበረው ከ3,750 በታች ወረደ። ብሔራዊ ባንክ በውጭ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በውጭ ምንዛሪ የሚያዝ ሂሳብ ስለፈቀደ ቁጠባችን ሁሉ በብር ብቻ እንዲቀመጥ ግድ አይደለም። ዝርዝሩን ባንካችንን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ጉዳይ ውክልና ነው። ከመካከላችን አንዷ ስድስት ዓመት ሠርታ ቦታ አስገዛች፣ ቤትም አሠራች። ስትመለስ ካርታው የወጣው በወንድሟ ስም ነበር። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሷ በሌለችበት የቀለለው እንዲህ ማድረግ ነበር። ኋላ ግን አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ቤቱም የልጆቹ ቤት ሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ንብረትን ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ኤምባሲ ሄደን ስንፈርም በወረቀቱ ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉ ቃላት መኖራቸውን እናንብብ። ማንበብ የማትችል እኅት ካለች እናንብብላት። ለአንድ ጉዳይ አንድ ውክልና ይበቃል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ይሻር። ባለ ትዳሮችም ይህን እንወቅ። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ ሠርተን የምናገኘው ደመወዝ የጋራ ሀብት ነው፤ የጋራ የሆነውንም ቤት አንደኛው ወገን ብቻውን ሊሸጠው አይችልም።

ሦስተኛው መድን ነው። ቁጠባችንን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ሕመም ነው። የእናት አንድ የሆስፒታል አልጋ የዓመት ድካማችንን ይበላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አገር ቤት ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ደብተሩን ያሳድሳል። በሚቀጥለው ስልክ «ምን ልላክ?» ከማለታችን በፊት «የጤና መድኑ ታድሷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

የራሳችንንም አንርሳ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙሳነድ በኩል አዲስ የሚመጡ የቤት ሠራተኞች ውል ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መድን አለው። በአደጋ ዘላቂ የአካል ጉዳት ሲደርስ፣ ወይም አሠሪው ሞቶ ደመወዝ ሳይከፈል ሲቀር ካሳ ይገኝበታል። ይህ የሕክምና መድን አይደለምና አንዱን ከሌላው አናምታታ። ደመወዝም በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲከፈል ከ2024 ጀምሮ በደረጃ ተደንግጎ ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉንም አሠሪ የሚመለከት ሆኗል። በባንክ የገባ ደመወዝ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ካርዱንና የምስጢር ቁጥሩን ለማዳምም ሆነ ለማንም አንስጥ። ከአንድ አሠሪ ዘንድ አራት ዓመት ያገለገለች ደግሞ ስትሰናበት የአንድ ወር ደመወዝ እንደሚገባት ትወቅ።

«ይህ ሁሉ ቤተሰብን አለማመን አይሆንም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዕድራችንን እንመልከት። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ በየወሩም መዝገብ ይያዛል። ይህ የሚሆነው ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚጠላ አይደለም፤ ሐዘን በመጣ ቀን እንዳይጣላ ነው። በቤተሰብም እንዲሁ ነው። ገና ከጅምሩ «ይህን ያህል ለእናንተ፣ ይህን ያህል ለመመለሻዬ» ብላ የተናገረች ልጅ ስትመለስ ከወንድሟ ጋር አትካሰስም።

ስለዚህ እኅቶች፣ በዚህ ወር አንድ ነገር ብቻ እናድርግ። የላክንባቸውን ደረሰኞች ሰብስበን እንደምር፤ ከዚያም በየትኛው ላይ የእኛ ስም እንዳለ እንይ። አንዱም ላይ ከሌለ የሚቀጥለው ደመወዝ መጀመሪያ ይሁን። የድካማችንን ፍሬ በእጃችን ይዘን ለመመለስ ያብቃን።