«ተመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

ጋድ-7 የሚሉት የጭንቀት መጠይቅ አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ሰባት ጥያቄ ብቻ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል እንደተጨነቅን፣ እንደፈራን፣ እንደተነጫነጭን ከ0 እስከ 3 እየሰጠን እንደምራለን። ከፍተኛው 21 ነው፤ 10 ከደረስን ባለሙያ በደንብ ይየን ማለት ነው።

መቼም ታውቃላችሁ፣ እኛ «እንዴት ናችሁ?» ስንባል «ተመስገን» እያልን ያደግን ነን። ሌሊቱን ጣሪያ ስናይ አድረንም መልሳችን ያው! ጠያቂዋ ጮክ ብላ ካነበበች፣ እናታችንም አጠገባችን ካለች፣ ዜሮ ይዘን ወደ ቤት ነው። ማንም አያየንም።

ስለ ራስ ምታትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ግን ማን ያፍራል? ሳንጠየቅም እናወራለን። ጋድ-7 እነዚህን አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ20 ጥያቄው መጠይቅ ግን ይጠይቃል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም አለበት፣ መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ። እኛን ከዚያ በኩል ቢጀምሩን ይሻላል እንላለን። ወረቀቱንም ለእኛው ስጡንና ትንሽ ዞር በሉልን።