ዝነኛውን ኬጅ ውስጥ ማን አስገባው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2016 ምሽት፣ ሲኤም ፓንክ በሚል ስም የሚታወቀው የሬስሊንግ ኮከብ አሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት ወደሆነው ወደ ዩኤፍሲ ኬጅ፣ ማለትም በአጥር ወደተከበበው የፍልሚያ መድረክ፣ ገባ። ዕድሜው 37 ነበር። በደብሊውደብሊውኢ የሬስሊንግ መድረክ ለዓመታት ስሙ እየተጠራ የተጨበጨበለት ሰው ነው፤ ያ ትግል ግን ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚወሰንበት ትርኢት ነው። በእውነተኛ ፍልሚያ፣ በአማተር ደረጃ እንኳ፣ አንድም ግጥሚያ አልነበረውም። ግጥሚያው እንደተጀመረ ፓንክ ቡጢ እየሰነዘረ ወደ ፊት ሄደ። ተጋጣሚው ሚኪ ጋል ዝቅ አለና እግሮቹን ይዞ መሬት ላይ ዘረረው፤ ከላይ ሆኖ ደበደበው፤ ጀርባው ላይ ወጣና አንገቱን በክንዱ አነቀው። ፓንክ በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን አሳወቀ። ሁሉም ነገር የተፈጸመው በ2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ነው። ለተሸናፊው በይፋ የተመዘገበለት ክፍያ 500 ሺህ ዶላር ሲሆን አሸናፊው ጋል የድል ጉርሻውን ጨምሮ ያገኘው 30 ሺህ ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ የተወራው ሁሉ ስለ ፓንክ ነበር። የሳቁበት ሳቁ፤ ብዙዎች ግን ቢያንስ ሞክሯል፣ ኬጅ ውስጥ መግባት ራሱ ጀግንነት ነው አሉ። ይህ ውዳሴ ልማድ እየሆነ መጥቷል። በ2023 ኢሎን መስክና ማርክ ዙከርበርግ በኬጅ እንጋጠም ሲባባሉ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም በሙያ ደረጃ ተፋልመው የማያውቁ መሆናቸው ብዙም ሰው ሳያሳስብ ማን ያሸንፋል የሚለው ክርክር ለሳምንታት ደራ። እኔ በፓንክ ድፍረት ላይ ጥያቄ የለኝም። የምቃወመው ልምድ የሌለው ዝነኛ ኬጅ መግባቱ የራሱ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ነው። ዕዳው ስሙ ፖስተር ላይ በማይወጣው ተፋላሚ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ስፖርቱም የቆመበትን መሠረት በገዛ እጁ ይንደዋል።

መሠረቱ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዩኤፍሲ በ1993 ዴንቨር ላይ ሲጀመር የክብደት ምድብ አልነበረም፤ ቀጭኑ ከግዙፉ ይገናኝ ነበር። ሴናተር ጆን ማኬይን ከአውራ ዶሮ ድብድብ ጋር አመሳስለው እንዲታገድ ዘምተውበታል። የኒውዮርክ ግዛት የሙያ ግጥሚያዎችን በሕግ የፈቀደችው በዚያው በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት የመጡት የክብደት ምድቦች፣ የተከለከሉ ምቶች፣ የሐኪም ምርመራና ፈቃድ ሰጪ ኮሚሽኖች ሁሉ ያረፉት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ የሚገናኙት ሁለት ሰዎች ተመጣጣኝ ይሁኑ። ተፋላሚዎች በግጥሚያው ዋዜማ ሚዛን ላይ የሚወጡት ለዚህ ነው። ልምድን ግን ሚዛን አያሳይም። ፓንክና ጋል የተገናኙት በ77 ኪሎ ምድብ ነበር፤ በወረቀት ሲታይ እኩል ናቸው። ዳኛው ግጥሚያውን የሚያቆመው አንደኛው ራሱን መከላከል ሲያቅተው ነው፤ ይህ ደንብ ተፋላሚው መከላከልን ያውቃል ብሎ የተጻፈ ነው። ጀማሪው ሲወድቅ አገጩን የት እንደሚሸሽግ፣ ዳሌውን እንዴት እንደሚያዞር ሰውነቱ አልለመደውም። ዳኛው አይቶ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምቱ ጭንቅላቱ ላይ ያርፋል። በ2007 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቀድሞው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ጆኒ ሞርተን የመጀመሪያ ግጥሚያውን ባደረገ በ38ኛው ሰከንድ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ የወጣውም በቃሬዛ ነው።

ብሮክ ሌስነርስ? የሚል ይኖራል። እሱም ከሬስሊንግ ትርኢት ነው የመጣው፤ በ2008 ራንዲ ኩቱርን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ሌስነር ዝነኛ ከመሆኑ በፊት ታጋይ ነበር። በ2000 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የትግል ሻምፒዮና በከባድ ሚዛን አሸናፊ የሆነው ማንም ውጤት ሳይጽፍለት ነው። እሱም ቢሆን በመጀመሪያው የዩኤፍሲ ግጥሚያ በፍራንክ ሚር እግሩ ተጠምዞ በ90 ሰከንድ ተሸንፏል። ያው ኩቱር በ2010 ቦስተን ላይ ጄምስ ቶኒን ሲገጥም ደግሞ የሆነውን እናስታውስ። ቶኒ በሦስት የክብደት ምድቦች የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን የነበረ፣ ቡጢው የማይናቅ ሰው ነው። የ47 ዓመቱ ኩቱር ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች እግሩን ይዞ ጣለው፤ በመጀመሪያው ዙር አንቆ አሸነፈው። ዕድሜ ልኩን በቡጢ ሙያ የኖረ ሰው እንዲህ ከሆነ በዝናው ብቻ የመጣው ምን ሊሆን ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጠንከር ያለው መከራከሪያ የገንዘቡ ነው። ዝነኛው ተመልካች ያመጣል፣ ተመልካቹ ገንዘብ ያመጣል፣ ገንዘቡም ለሌሎቹ ይተርፋል ይባላል። ኤሊት ኤክስሲ የተባለው ድርጅት በዚህ ስሌት ነበር በኢንተርኔት የጎዳና ድብድብ ቪዲዮዎች ስሙ የገነነውን ኪምቦ ስላይስን ፊት ለፊት ያሰለፈው። በኦክቶበር 2008 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ ግጥሚያ፣ በምትክነት በመጨረሻው ሰዓት የገባው ሴዝ ፔትሩዜሊ ኪምቦን በ14 ሰከንድ ጣለው። ድርጅቱ ወሩ ሳያልቅ ተዘጋ፤ ከኪምቦ ጋር ምንም ያልነበራቸው ተፋላሚዎችም አብረው ሥራ ፈቱ። ዩኤፍሲ እንዲህ አይወድቅም፤ እዚያ ችግሩ የተገኘው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ድርጅቱ ሲኤም ፓንክን ማስፈረሙን ያስታወቀው በዲሴምበር 2014 ነው። በዚያው ወር ተፋላሚዎች ድርጅቱ ገበያውን በብቸኝነት ይዞ ክፍያችንን አሳንሷል ብለው ከሰሱት፤ በክሱ ሂደት የወጡ ሰነዶች የተፋላሚዎቹ ድርሻ ከገቢው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ጉዳዩ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቶ ፍርድ ቤት ያጸደቀው በ2025 ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ካሜሩን ውስጥ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገው ፍራንሲስ ንጋኑ በ2022 የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ዘውዱን ሲከላከል በይፋ የተመዘገበለት 600 ሺህ ዶላር ነው። የዓለም ሻምፒዮኑን ከጀማሪው የለየው መቶ ሺህ ብቻ መሆኑ ነው። ንጋኑ ለተፋላሚዎች የጤና ኢንሹራንስ ጭምር ጠይቆ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በ2023 መጀመሪያ ለቀቀ። ይተርፋል የተባለው ገንዘብ ለእሱ ካልተረፈ ለማን ተረፈ?

አዋቂ ሰው በገዛ አካሉ ያዛል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ማንም ሰው ጂም ገብቶ ይለማመድ፣ በአማተር መድረክም ይጋጠም፤ የሙያ ፈቃድ ግን የመብት ጉዳይ ሳይሆን የብቃት ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ኮሚሽኖች ስሙ ማንም ይሁን ማን የተመዘገበ የአማተር ግጥሚያ የሌለውን ሰው ትልቅ መድረክ ላይ ከማውጣት ይቆጠቡ። እኛ ተመልካቾችም ቀጣዩ ዝነኛ ሲታወጅ የምሽቱን ዝርዝር እስከ ታች እናንብብ። ፓንክ በጁን 2018 ቺካጎ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ፣ ተጋጣሚው ማይክ ጃክሰንም በዩኤፍሲ አንድ ጊዜ ብቻ ተጋጥሞ በ45 ሰከንድ የተሸነፈ ሰው ነበር። ግጥሚያቸው ግን ገንዘብ ተከፍሎ በሚታየው ዋናው ክፍል ላይ ተቀመጠ። የከባድ ሚዛን ቁንጮ የነበሩት አሊስታየር ኦቨሪምና ከርቲስ ብሌይድስ ወደ ቅድመ ግጥሚያው ወረዱ። በዚያ ምሽት ብሌይድስ ኦቨሪምን በሦስተኛው ዙር በክርን መትቶ አሸንፎታል።